ሻርፑ የታሰረ ቀን

ድሬዳዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሕዝቧን በድምፁ ብቻ እንደ እኔ ያነቃነቀ ሰው አልተፈጠረም። ድሮ ንጉሥ በባቡር ሲመጣ ሰዉ ወጥቶ፣ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር ይባላል። እኔ አፌን ስከፍት ግን ቆሞ የሚቀር አልነበረም። ከላንድሮቨሩ ጣሪያ ላይ በተሰቀለው ጡሩምባ «ይድረስ ለሰፊው ሕዝብ!» ስል ቀፊራ ገበያ ከዳር እስከ ዳር ይነቃነቃል። ሱቅ ይዘጋል፣ ግመል ይነሣል፣ የተኛ ይነቃል፣ የታመመ ይሮጣል። ሽባ ነው እየተባለ ለዓመታት ሲለምን የኖረ ሰውዬ በእኔ ድምፅ ተነሥቶ አጥር ሲዘል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ወዴት ነበር የሚሮጡት ብሎ የሚጠይቅ ክፉ አንባቢ አይጠፋም። እሺ፤ ከእኔ ነበር የሚሸሹት። ይህን የተረዳሁት ደግሞ ከከተማው ነዋሪ ሁሉ መጨረሻ ነው፤ ፍየሎቹ እንኳ ቀድመውኛል።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቴን በስሙ አልጠራውም፣ ጡረታዬ ገና ትኩስ ነው። በሽኝቱ ዕለት የመጨረሻው አለቃዬ አቅፎ ሳመኝና ካፖርት ሸለመኝ። ካፖርት! ለድሬዳዋ ሰው! ዶሮ ባትታቀፈውም እንቁላል በራሱ ጊዜ በሚፈለፈልበት አገር! ባለቤቴ ፋጡማ አመስግና ተቀበለችና ወስዳ የጓሮውን የውኃ ሮቶ አለበሰችው፣ ፀሐዩ ውኃውን እንዳያፈላው። ይህን ካፖርት አትርሱት።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ በገባ ሰሞን ተላላኪ ሆኜ ነው። ደመወዙን አልናገርም፣ ያን ጊዜም አልናገርም ነበር፣ ስለማፍር። ከተላላኪነት ወደ ጥሪ ክፍል ያዛወሩኝ አራት ቋንቋ ስለምናገር ነው። አባቴ የሐረር ልጅ ነው፣ እናቴ ከዋሂል የመጣች ሶማሊ ናት፣ በግራም በቀኝም ጎረቤቶቻችን ኦሮሞ ናቸው፣ ትምህርት ቤቱ አማርኛ ነው። ይህ በእኛ ከተማ ችሎታ አይባልም፤ ዳቦ ቤት ሄዶ ሳይታለሉ ለመመለስ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው አለቃችን ጓድ አስፋው ግን ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጓድ ጀማል፣ አንተ ለአብዮቱ አራት ሰው ነህ» አለኝ። የአራት ሰው ሥራም አሸከመኝ።

ጥሪ ክፍል ማለት አንድ ላንድሮቨር፣ አንድ ጡሩምባ፣ ታደሰ የሚባል ዝምተኛ ሾፌር እና አዴር ሮብሌ ነበር። «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ከተማው በሙሉ አጎቴ ይለው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ሽርጥ እንጂ ሱሪ የማይወድ ሰውዬ። ጡሩምባው ከመገዛቱ በፊት፣ በባዶ ጉሮሮው በየመንደሩ እየዞረ የጠፋ ልጅ የሚያፈላልግ፣ ሞት የሚያረዳ፣ ሠርግ የሚጠራ እሱ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እሱን ከነጉሮሮው ወረሱት።

ከእሱ ጋር በዞርኩ በመጀመሪያው ቀን ከቢሮ የተሰጠን ወረቀት ሁለት ገጽ ነበር። የጓድ አስፋው ዓረፍተ ነገር ቀፊራ ላይ ከተጀመረ አራት ነጥቡ የሚገኘው ሳቢያን ሲደርሱ ነው። እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ «በመላው አገራችን በመካሄድ ላይ ያለውን መጠነ ሰፊ እንቅስቃሴ በመገንዘብ፣ እንዲሁም...» ብዬ ስጀምር አዴር ሮብሌ እጁን ማይክራፎኑ ላይ ጫነበት።

«ወሪያ አንተ፣ ይሄ ወረቀት ምንድን ነው የሚለው?»

ሁለቱንም ገጽ አየሁት። «ነገ ውኃ ይቋረጣል ነው የሚለው።»

«ሀዬ፣ እሺ። ነገ ውኃ የለም በላቸዋ! ሴትዮዋ ጀሪካን ይዛ ቆማለች፣ አንተ እንዲሁም ትላለህ።»

ሙያውን ከእሱ ተማርኩ። ቀላል የሚመስለው ካለ ጡሩምባ ይዞ ይሞክረው። ድሬን እኩለ ቀን ላይ አትጠራም፤ ሙቀቱ ሁሉንም አስተኝቶታል፣ ያልተኛው ደግሞ ጫቱ ላይ ነው፣ በዚያ ሰዓት የሰማውን ማታ አያስታውሰውም። ነፋስ ከሜዳው ሲመጣ ጡሩምባውን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለህ፤ ድምፁ ከግድግዳው ነጥሮ ወደ ጠባቡ መንገድ ይገባልሃል። ሰፈሩን በስሙ ካልጠራኸው ለጎረቤቱ የተነገረ ይመስለዋል። ከዚራ በዛፉ ሥር ያለው ሰው ድምፅ ሲሰማ መስኮት ይዘጋል፣ መጋላ ደግሞ ይከፍታል፤ ስለዚህ ከዚራን ከሩቅ ጀምረህ ሳይዘጋ ትጨርሳለህ። በኦሮምኛ መጀመሪያ ደኅንነቱን ትጠይቀዋለህ። በሶማሊኛ ማን እንደሆንክ፣ ማን እንደላከህ ትነግረዋለህ፣ አለዚያ አይሰማህም። «አማርኛ ግን» ይለኝ ነበር አዴር ሮብሌ፣ «ቶሎ ጨርስለት። አማርኛ የሚሰማ ሰው ሁልጊዜ ሥራ አለው።»

ሌላም ልማድ ነበረው። ከመናገሩ በፊት መኪናውን ያስቆምና ይወርዳል። ሻሂ ቤት ገብቶ ተቀምጦ «ምን ሰማችሁ?» ይላል። ታደሰ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፣ እኔ ጡሩምባው ሥር እቃጠላለሁ፣ እሱ ሻሂውን በማንኪያ ያማስላል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ «አዴር፣ እኛ ልንነግራቸው ነው እኮ የመጣነው!» ስለው «የሰሙትን ሳታውቅ ምኑን ትነግራቸዋለህ?» አለኝና ሁለተኛ ሻሂ አዘዘ።

እኔ ግን ቀልደኛ ነበርኩ። ደረቅ ነገር ማውራት አልችልም። በቀበሌው ሱቅ ስኳር ገባ ካልኩ «የደቻቱን ወንዝ የሚያጣፍጥ ስኳር!» እላለሁ። የከብት ክትባት ለማወጅ ሐርላ መንደር ድረስ ሄደን «ይህን መርፌ የተወጋች ላም መንታ ትወልዳለች» ብዬ አውቃለሁ፤ የሐርላ ሰው ለሦስት ዓመት መንታውን ጠየቀኝ። ሰዉ ይስቅ ነበር። አዴር ሮብሌ አይስቅም፣ ጢሙን ይዳብሳል። «ሲስቁ ደስ አይበልህ» አለኝ አንዴ። «ሲስቁ እያመኑህ አይደለም።»

የሚስቅልኝ አንድ ታማኝ ሰው ነበረኝ፤ ኢድሪስ ጫማ ሰፊው። ከደቻቱ ድልድይ አጠገብ፣ በመጋላ በኩል፣ አንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጦ የከተማውን ጫማ ሁሉ የሚያውቅ፣ የእኔው እኩያ የሆነ ልጅ። ድሬ ላይ ወዳጅ ከሆንክ ወንድ ብትሆንም «አንቺ» ትባላለህ። መኪናችን ድልድዩ ጋ ስትደርስ ወስፌውን ያነሣና ይጮኻል፦

«አንቺ ጀማል! ዛሬ ማንን ልታባርሪ መጣሽ?»

«አንተን!»

«እኔንማ ጫማሽን ጨርሼልሽ አባሪኝ!»

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «ቤተ መንግሥቴን ላሳይሽ» ብሎ ወደ አሸዋው ይዞኝ ወረደ። ደቻቱ መቼም ዓመቱን ሙሉ ወንዝ አይደለም፣ በከተማው መሃል የሚያልፍ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ያርፍበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ የድሮ ግንብ ፈርሶ ዋሻ የመሰለ ጉድጓድ ሠርቷል። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ኢድሪስ ጆንያ አንጥፎበታል፣ ጥግ ላይ በኮንትሮባንድ የገባ የሬዲዮ ባትሪ ደርድሯል።

«እዚህ ነው የምተኛው» አለኝ። «አንቺ ስትጮኺም እዚህ ነኝ።»

«ድምፄን ትፈራለህ እንዴ?»

«አንቺን እወድሻለሁ። ድምፅሽን ነው የምፈራው።»

ሳቅሁ። ድምፄ እንደ መብረቅ ያስፈራል ማለቱ ነው ብዬ ለራሴ ወሰድኩት፤ ለሳምንት ያህልም ኮራሁበት።

ወደ ሻርፑ ልምጣ። አዴር ሮብሌ አልፎ አልፎ ጉሮሮው ይታመም ነበር። ሁልጊዜም የሚታመመው በድንገት ነው። ጠዋት ጓድ አስፋው ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንብቦ ይመልስለታል፤ ከኪሱ አረንጓዴ የሱፍ ሻርፕ አውጥቶ፣ በዚያ ሙቀት፣ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ይጠመጥምና በእጁ ወደ ጉሮሮው ያመለክታል። ድምፅ የለም። ያን ጊዜ ማይክራፎኑ ለእኔ ይሰጣል። እሱ ሻርፑን አስሮ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ለመንገደኛው ሁሉ በግልጽ እየታየ። እኔ ከኋላ ሆኜ እለፈልፋለሁ። ስብሰባ ነው፣ የስኳር ካርድ እድሳት ነው፣ የወጣቶች ምዝገባ ነው፣ «ሁላችሁም ወደ ቀበሌ አዳራሽ!»

በእነዚያ ቀናት ወደ አዳራሽ የሄደ ጎረምሳ ሲመለስ የሚታየው በጭነት መኪና ላይ ነው፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ሲጓዝ። አውቅ ነበር? ግማሹን አውቅ ነበር። ቀሪውን ላለማወቅ እቀልድ ነበር። ሥራዬ የተሰጠኝን ማንበብ ነው እል ነበር፤ ማይክራፎኑ እጄ ሲገባም ደስ ይለኝ ነበር፣ መዋሸት አልፈልግም። አዴር ሮብሌ እያረጀ ነው፣ ቦታው የእኔ ሊሆን ነው ብዬ በሻርፑ ልክ ተስፋዬን እለካ ነበር።

እኔ ያላወቅሁትን ከተማው ያውቀው ነበር። ሮብሌ ራሱ ከተናገረ እውነት ነው፣ ጀሪካንህን ይዘህ ውጣ። ሻርፑ ታስሮ ጀማል ከተናገረ ግን ልጅህን ደብቅ። ማንም ለማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳም፤ ሰዉ በራሱ ጊዜ ለመደው። ጎረምሶቹ የጀማልን ድምፅ ሲሰሙ በየት እንደሚጠፉም የተለመደ ነበር፤ ከመኪና መንገዱ ወርደው፣ ወታደር በማይደርስበት፣ ከደቻቱ ድልድይ ሥር።

ከዚያ የነሐሴው ቀን መጣ።

ድሬ ላይ ፀሐይ ነበር። ደመና የሚባል ነገር በላያችን የለም። ደቻቱ ግን ሲመጣ የእኛን ሰማይ አያስፈቅድም፤ ላይ ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው ነው የሚመጣው። ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቢሯችን በር ላይ ፍሬን ይዞ፣ ሳይወርድ ጮኸ። «ላይ ሰማዩ ተቀዷል! መንገዱ ራሱ ወንዝ ሆኗል! ወደ እናንተ እየወረደ ነው!»

አዴር ሮብሌ በጉንፋን ሁለት ቀን ቤቱ ተኝቶ ነበር። ያን ቀን በእውነት ነበር የታመመው። ጓድ አስፋው ወረቀት ሊያዘጋጅ ቁጭ ሲል እኔ ሳልጠብቀው ወጣሁ፤ በሥራ ዘመኔ ያደረግሁት አንድ ትክክለኛ ነገር ይኸው ነው። ታደሰ መኪናውን አበረረው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ማይክራፎኑን ጨብጬ ደረቴን ነፋሁ። በመጨረሻ ሰው የሚያድን ቃል እጄ ገባ ብዬ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

«የመጋላ ሰዎች! ጎርፍ! ደንገጎ ተንዶ እየመጣላችሁ ነው! ግመል ከነጭነቱ የሚውጥ ውኃ ነው! ከአሸዋው ውጡ! ከቤት ውጡ! ወደ ላይ!»

በሮች ተዘጉ። አንድ በአንድ፣ ጥርቅም፣ ጥርቅም። ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ ሸራዋን ጠቅልላ ወደ ውስጥ ገባችና በመስኮት ብቅ አለች።

«ዛሬ ደግሞ በጎርፍ መጣችሁ? ባለፈው በስኳር ነበር!»

«እትዬ፣ ወላሂ ጎርፍ ነው!»

«ሰማዩን አታይም? ወላሂ ይላል ደግሞ!» መስኮቱንም ዘጋችው።

ታደሰ በዓመት አንዴ የሚናገር ሰው ነው። ያን ቀን ተናገረ።

«ጀማል፣ ልጆቹ ወደ ታች እየወረዱ ነው።»

ዞሬ አየሁ። ከየጠባቡ መንገድ ጎረምሶች እየወጡ፣ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ እያሉ ወደ አሸዋው ይሮጣሉ። ወደ ድልድዩ ሥር።

«ሊያዩት ነው?» አልኩ።

«ምኑን ያዩታል? ከአንተ እየሸሹ ነው እኮ!»

ድምፁን ጨመርኩት። ሲጨምር ሌሎች ወረዱ። በሶማሊኛ ጮኽኩ፣ በኦሮምኛ ጮኽኩ፣ በአባቴ ቋንቋ በአደርኛ ጮኽኩ፤ በአራት ቋንቋ የወንዙን አሸዋ በሰው ሞላሁት። ዝም ስል ደግሞ ወታደሮቹ ሊወርዱ ነው ብለው ይበልጥ ወደ ውስጥ ገቡ። ቢናገሩትም ባይናገሩትም የማይሆን ነገር እንዳለ ያን ጊዜ አወቅሁ።

አዴር ሮብሌ ቤቱ ከድልድዩ ብዙም አይርቅም። በሽርጥና በካናቴራ፣ ሻርፑን በእውነተኛ ሕመም አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ እየተንገዳገደ መጣ። አንድ ጊዜ እኔን አየ፣ አንድ ጊዜ ደንገጎን አየ፤ ተራራው ጠቁሯል። አንድ ጊዜ ወደ ታች አየ። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ማይክራፎኑን ዘረጋሁለት። ገፋው። የታደሰን ትከሻ ይዞ የመኪናው አፍንጫ ላይ ወጣና ቆመ። ሻርፑን ፈታ። አንድ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር። ፈትቶ በረጅሙ ክንዱ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ባዶ አንገቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቆመ። ቀጭን፣ የተሸበሸበ አንገት ነበር። ሌላ ምንም አላደረገም።

ከድልድዩ ሥር አንድ ሰው ብቅ ብሎ አየው። «ሻርፑን ፈታው!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ማጋነን አያስፈልገኝም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጡ፤ ተገፋፍተው፣ ተደጋግፈው፣ በድልድዩ በሁለቱም ወገን። በሮች ተከፈቱ። ቲማቲም ሻጯ ልጆቿን ይዛ ወደ ላይ ስትሮጥ «ቀድመህ አትናገርም ነበር?» ብላኝ አለፈች።

ሲወጡ አየኋቸው፤ ፊታቸውን አንድ በአንድ። ኢድሪስ የለም። በርጩማው ባዶ ነው፣ ወስፌው የአንድ ጫማ ሶል ላይ እንደተሰካ ቆሟል።

ጉድጓዱ ከድልድዩ አይታይም፤ ከመታጠፊያው ባሻገር ነው። ኢድሪስ ሻርፑን አላየም። ማይክራፎኑን ጥዬ በወንዙ ዳር ሮጥሁ፣ ከኋላዬ ሁለት ከአሸዋው የወጡ ልጆች ተከተሉኝ፣ ሊያግዙኝ።

«ኢድሪስ! እኔ ነኝ! ጀማል ነኝ! ውጣ!»

ከግንቡ ሥር ብቅ አለ። አየኝ። ከኋላዬ የሚሮጡትን ሁለቱን አየ። ከሩቅ ማን እንደሆኑ አይለይም። እጁን አላወዛወዘም፣ አልሰደበኝም። ተመልሶ ገባ።

ስሙን ደጋግሜ ጠራሁት። በስሙ በጠራሁት ቁጥር የእኔ ድምፅ መሆኑን ያውቃል።

ከዚያ ውኃው መጣ። መጀመሪያ እንደ ባቡር ነው የሚሰማው። ልጆቹ ክንድና ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። የመጀመሪያው ማዕበል ውኃ አይመስልም፤ እንጨት ነው፣ ድንጋይ ነው፣ የሚሄድ ጭቃ ነው። ግንቡን አልፎ ሄደ።

በማግስቱ ከከተማው በታች፣ ሜዳው ላይ ተገኘ። ሌላ የጠፋ ሰው አልነበረም።

ቀብሩ ላይ ቀልድም የጠየቀኝ የለም። አዴር ሮብሌ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ስንመለስ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣ ገና ባልዳነ ድምፁ፣ ስለ ሻርፑ ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው ሁሉን የሰማሁት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንተ ቀልደኛ ነህ። ቀልደኛ ምሥጢር ይዞ አያድርም። ጓድ አስፋው ፊት አንድ ቀን ብትቀልድበት ሁላችንም አለቅን።»

«እኔ እኮ ቦታህን ልትሰጠኝ መስሎኝ ነበር።»

ጢሙን ዳበሰ። «የእኔን አንገት አስሬ ውሸቱን ሁሉ ባንተ አፍ አወጣሁት። እኔ ንጹሕ ሆንኩ፣ አንተ ቆሸሽክ። ይሄን ዘዴ ሳስብ አንተን እንደ ሰው አልቆጠርኩህም፤ እንደ ጡሩምባ ነው የቆጠርኩህ። በደሌ ነው ጀማል።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሻርፑን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ የሥራ ታሪኬ የጉሮሮ ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ምድር እንደ እኔ ጉሮሮ የታመመ ጉሮሮ የለም። ክፉ ወረቀት ሲመጣ ሻርፔን እጠመጥማለሁ። ጓድ አስፋው ወደ ክሊኒክ ላከኝ፤ ሐኪሙ የመጋላ ልጅ ነበር፣ አፌን እንኳ ሳያስከፍት «ከባድ ነው» ብሎ ጻፈልኝ።

«ጉሮሮህ ከአብዮቱ ጋር ምን አጣላው?» አለኝ ጓድ አስፋው።

«አቧራ ነው ጓድ።»

«ሮብሌም አቧራ ነው የሚለው።»

«አቧራው አንድ ነዋ ጓድ።»

ቀፊራ ገበያ የሚዛን ተቆጣጣሪ አድርጎ ወረወረኝ። እዚያ የሐሰት ኪሎ ስይዝ ዓመታት አለፉ፤ ነጋዴዎቹ ስመጣ የሚዛን ድንጋያቸውን ይደብቃሉ፣ መሸሽ እንደሆነ ለምጄዋለሁ። ክፉው ጥሪ ግን አልቆመም፣ ሌላ ሰው አነበበው። ጀግና ሆንኩ አልልም፤ እኔ አላነበብኩትም፣ በቃ። አዴር ሮብሌ ጡረታ ወጥቶ ዋሂል ዘመዶቹ ዘንድ ገባ፣ እዚያው አረፈ። መንግሥት ሲለወጥ ወደ ጥሪ ክፍል መለሱኝ። ቀልድ አቆምኩ ማለት ውሸት ነው። በማይክራፎን ላይ ግን ውኃ ይቋረጣል ካልኩ ውኃ ይቋረጣል ብቻ ነው ያልኩት። ከመናገሬ በፊትም መኪናውን አስቁሜ ሻሂ እጠጣ ነበር። በዓመታት ውስጥ ሰዉ ስናገር በር መክፈት ጀመረ፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣ እንደተዘጋው ሳይሆን።

ጡረታ ልወጣ ስል ወጣቶቹ ድምፅዎን ይቅረጹልን አሉ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ፣ በአራቱም ቋንቋ፣ እርስዎ ባይኖሩም በመኪና እየዞረ እንዲሰማ። አንድ ጊዜ ተቀምጬ ቀረጽኩ። ደንገጎ አልተናደም፣ ግመልም አልተዋጠም። «ጎርፍ እየመጣ ነው። ከአሸዋው ውጡ። ወደ ላይ ሂዱ።» ሰምተው አመሰገኑኝ፤ ካፖርቱን የሰጡኝ በዚሁ ይመስለኛል።

ቤታችን ደቻቱ ዳር ነው። ባለፈው ወር ከምሳ በኋላ፣ ጫቴን ቅሜ ጋደም ባልኩበት፣ ከውጭ የጡሩምባ ድምፅ ሰማሁ። ምን እንደሚል አልሰማሁም። የማንን ድምፅ እንደሰማሁ ግን እግሬ አወቀው። ስባንን ጓሮ ነበርኩ፤ በባዶ እግሬ፣ ከሮቶው ሥር ተጣጥፌ፣ ካፖርቱን እስከ ራሴ ድረስ ጎትቼ ለብሼ።

ፋጡማ ካፖርቱን ገልጣ አየችኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ዝም በዪ፣ ይለፍ!»

«ማን ነው የሚያልፈው? አንተው ነህ እኮ! ጎርፍ መጣ፣ ውጡ እያልክ ነው!»

ለካ ማስጠንቀቂያውን እየሞከሩ ነበር። ጎረቤቶቼ ሁሉ፣ ሙከራ መሆኑን ሳያውቁ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ላይ ወጥተዋል። ሁሉም አምነውኛል። ከሰፈሩ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእውነት ጎርፍ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሜዳው ላይ የሚገኘው፣ ከነካፖርቱ፣ እኔ ነበርኩ።